ገንዘቡ ለንደን፣ ቤቱ ዱባይ

በባዕድ አገር ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች በቤቱ ዋጋ ላይ አጥብቀው ይከራከራሉ። ገንዘቡ ድንበር ተሻግሮ እንዴት እንደሚደርስ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የዓመታት ጥሪት በዚሁ መንገድ ላይ ሊጎድል ስለሚችል፣ ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዱባይ የ2006 ሕግ ቁጥር 7 የውጭ ዜጎች በተለዩ አካባቢዎች ቤት በባለቤትነት እንዲይዙ ይፈቅዳል። የአገሩ ገንዘብ ድርሃም ደግሞ ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ሒሳብ ከዶላር ጋር ታስሯል። በመሆኑም ጥሪቱ በዶላር የሆነ ገዢ ከምንዛሪ ሥጋት የራቀ ነው። ብሪታንያ ኖሮ በፓውንድ የቆጠበ ወገናችንስ?

ዋጋው 1 ሚሊዮን ድርሃም፣ ማለትም 272 ሺህ ዶላር ገደማ የሆነ ቤት እንውሰድ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጠችበት በጁን 2016፣ ፓውንድ በአንድ ሌሊት ከ1.50 ዶላር ወደ 1.32 ዶላር አካባቢ ወርዷል። ማታ 181 ሺህ 500 ፓውንድ ያህል ይበቃው የነበረ ቤት ጧት 206 ሺህ ፓውንድ ጠየቀ። የቤቱ ዋጋ ሳይነካ ወደ 25 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ተጨመረ ማለት ነው።

ባንኮች ለዚህ የሚያቀርቡት መድኃኒት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ተዋውሎ ከወራት በኋላ መለዋወጥን ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ በገንዘብ ሲመነዘር ርክክቡ እዚያው መፈጸም ስላለበት፣ ብዙ ዑለማዎች ይህን ውል የሪባ በር አድርገው ይከለክሉታል። በአንጻሩ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1990 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ላይ መመዝገቡን እንደ ርክክብ ተቀብሏል። እንግዲያው ገንዘቡ በእጁ ያለ ሰው የግዢውን ውል በፈረመበት ዕለት ፓውንዱን በዕለቱ ዋጋ መንዝሮ በዶላር ወይም በድርሃም ቢያስቀምጠው፣ የሚፈራውን ሥጋት ያለ ክርክር ይዘጋዋል። እንደኔ አስተያየት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ገንዘቡ በማን ሒሳብ ይገባል የሚል ነው። የዱባይ የ2007 ሕግ ቁጥር 8 ገና በመገንባት ላይ ላለ ቤት የሚከፈል ገንዘብ በፕሮጀክቱ ስም በተከፈተ የአደራ ሒሳብ እንዲገባ ያዛል። በግል ሒሳቤ አስገባልኝ የሚል ደላላ ቢመጣ፣ ምክንያቱ ምንም ያህል ቢያምር እሺ አይባልም። «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ሲደርስም፣ አስቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጡ አንድ ሳንቲም መላክ አይገባም። ሌቦች በሻጭ ስም ደብዳቤ የሚጽፉት ክፍያው በደረሰበት ሰዓት ነውና።

በመጨረሻም ወረቀት! የደመወዝ ማስረጃው፣ የምንዛሪው ደረሰኝና የባንኩ የመላኪያ ቅጽ በአንድ ማኅደር ይቀመጡ። ባንኩ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅም ሆነ ወራሾች ድርሻቸውን ሲፈልጉ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ የዕዳ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ማዘዙ፣ መተማመን ባለበትም ቢሆን መጻፍ ነውር እንዳልሆነ ያስተምረናል። ወላሁ አዕለም።