ቀይዋ መስመር ወርቅ ናት

እስቲ ጽሑፉን ከፍ አድርጊው፣ ርዕሱን ልየው። «የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች በፖሊመር የፀሐይ ሴል ውስጥ የሚፈጥሩት የፕላዝሞን ውጤት»። ያምራል። ግን የኔ እናት፣ ይህን እዚሁ ሐርጌሳ ልትሠሪው ነው ወይስ ውጭ ሄደሽ?

ሐሳቡን አልነካብሽም። ፖሊመሩ ከ100 ናኖሜትር ብዙ ቢወፍር ቻርጁ ኤሌክትሮዱ ጋ ሳይደርስ ይጠፋል፤ ቢሳሳ ደግሞ ብርሃኑ ሳይዋጥ ያልፈዋል። የወርቅ ወይም የብር ቅንጣት ሲገባበት ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃኑ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፣ በዙሪያቸው ያለው መስክ ይበረታል፣ ትልልቆቹ ቅንጣቶችም ብርሃኑን ወደ ጎን ይበትኑታል። እዚህ አንቀጽ ላይ ግን አንድ ነገር ዘለሻል፦ ብረቱ ፖሊመሩን በቀጥታ ከነካው ብርሃኑ የፈጠረውን ኤክሳይቶን ይቀማና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ብዙዎች ቅንጣቱን ከፖሊመሩ አጠገብ ባለው ንብርብር ውስጥ የሚከቱት ለዚህ ነው። ጻፊው።

«ይህን ያህል በመቶ አሻሻልን» የሚል ወረቀት ስታነቢ ደግሞ መጀመሪያ ቅንጣት የሌለበትን ማነጻጸሪያ ሴል እዪ። እሱ ደካማ ከሆነ ማንኛውም ነገር ያሻሽለዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ወረቀት ዘግቼ ነው የማልፈው።

የእኛ ሰዎች ሥራ አለልሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ፖሊመሩን ራሱን ሠርተዋል፤ ፕሮፌሰር ገነነ ተሰማ ሞላ ደግሞ በደቡብ አፍሪካው ክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ያንቺኑ ጉዳይ፣ የብረት ናኖ ቅንጣትን በፖሊመር ሴል ውስጥ፣ አጥንተዋል። አንብቢያቸው። ስታነቢ ግን የሙከራ ዘዴውን ክፍል አትዝለዪ፦ ብረት በቫኪዩም የሚያተን ማሽን፣ ብዙ ጊዜም ናይትሮጅን የሞላ ሳጥን። ከየት ታመጫለሽ? ደግሞስ እዚህ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ሲሊኮን ከ20 በመቶ በላይ ይሰጣል፣ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ 25 ዓመት ነው። ፖሊመሩ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ጥፍር በምታህል ሴል፣ 20 በመቶ አካባቢ ደርሷል፤ ሙቀት፣ ኦክስጅንና የፀሐይ ጨረር ግን ቶሎ ያስረጁታል። የሐርጌሳ ፀሐይ አይምረውም።

ተይ እቴ፣ በዚያው ቅንጣት ወደሚሠራ ሴንሰር ዙሪ። ፋርማሲ የሚሸጠውን የእርግዝና መመርመሪያ ታውቂዋለሽ? አትሳቂ። ቀይዋ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ናት። ገበያ ላይ ቢጫ የሆነው ወርቅ 20 ወይም 40 ናኖሜትር ሲሆን በ520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ ስለዚህ ቀይ ይታያል። ቅንጣቶቹ ሲጠጋጉ ሰማያዊ ይሆናል። ያው ፕላዝሞን ነው፣ ግን ያለ ቫኪዩም። ኬሚስቱ ተርከቪች እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳየው ዘዴ የወርቅ ክሎራይድን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከሲትሬት ጋር ማዋሃድ ነው፤ ማሞቂያ፣ ማማሰያና ንጹሕ ብርጭቆ ይበቃሻል። ንጹሕ ስልሽ የምር ነው፤ ቆሻሻ ብርጭቆ ውስጥ ቅንጣቱ ገና ሳይሠራ ይቋጠራል።

ከውጭ የሚገባ የዱቄት ወተት ላይ ሞክሪው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ወተት ውስጥ ተጨምሮ ሕፃናትን የገደለው ሜላሚን ቅንጣቶቹን ያጠጋጋቸዋል፣ ቀለሙም ይቀየራል። ችግሩ ግን፦ የወተቱ ፕሮቲን ወርቁን ሸፍኖ እንዳይጠጋጋ ያደርጋል፤ ጨው ደግሞ ሜላሚን ባይኖርም ያጠጋጋዋል። እንግዲህ ጥናትሽ ወተቱን አስቀድሞ ማጣራቱ ላይ ነው፤ ቀለሙን ማየት ቀላሉ ክፍል ነው።

ነገ አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ዲፓርትመንቱ የሚሠራ ስፔክትሮሜትር አለው? ከሌለው አረንጓዴ ኤልኢዲና አንድ ርካሽ የብርሃን ሴንሰር እንገዛለን።