ዳኛው ተቀባዩ ነው፦ የራዳርና የመኪና ሬዲዮ ፍተሻ

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 መኪኖች እርስ በርስ እንዲነጋገሩበት ከ5.850 እስከ 5.925 ጊጋኸርዝ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ፈቀደ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ የጦር ኃይሉ ራዳሮች ይሠሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለመኪኖች የቀረው 30 ሜጋኸርዝ ብቻ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው፤ ራዳሩ ሲሠራ መኪናው ይሰማል ወይ?

መጀመሪያ አማካይ ኃይልን አትመኑ። ራዳር በየሚሊ ሰከንዱ ለአንድ ማይክሮ ሰከንድ ብቻ 100 ኪሎ ዋት ቢለቅ አማካዩ 100 ዋት ነው። በዚህ ቁጥር ተማምኖ «ችግር የለም» የሚል ሰው ቸኩሏል። አጠገባችሁ ቡና እየተወቀጠ ስታወሩ የሚጠፋው ዘነዘናው ያረፈበት ቃል ነው፤ በምቶቹ መካከል ያለው ጸጥታ ያንን ቃል አይመልሰውም።

ዲኤስአርሲ በሚባለው የመኪኖች የሬዲዮ መነጋገሪያ ሥርዓት መኪናው ቦታውንና ፍጥነቱን በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ያሳውቃል። 300 ባይት የሚሆን መልእክት በሰከንድ 6 ሜጋቢት ሲላክ 0.45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ከላይ ባልነው ራዳር ከመቶው መልእክት አርባ አምስቱ ያህል ምት ያርፍባቸዋል ማለት ነው። መልእክቱ የሚላከው 8 ማይክሮ ሰከንድ በሚረዝሙ ቁራጮች ነው። ስህተት ማረሚያው የተበታተነ ጉዳት ይችላል፤ ብርቱ ምት አንዱን ቁራጭ እንዳለ ካጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱ በሙሉ ይጣላል።

ፍተሻው ከቤተ ሙከራ፣ ከኬብል ይጀምራል። የመኪናው ምልክትና ራዳር መሰሉ ምልክት ተጣምረው ወደ ተቀባዩ ይገባሉ። ሬዲዮዎቹን በብረት ሳጥን ሸፍኑ፤ አለበለዚያ ምልክቱ ኬብሉን ትቶ በአየር ይሾልካል፣ ልኬቱም ዋጋ ያጣል። የመኪናውን ምልክት አድክሙት፤ ያለ ራዳር ግን በደንብ ይሰማ። ከዚያ ራዳሩን በዲሲቤል በዲሲቤል እያሳደጋችሁ ከአሥር መልእክት አንዱ የሚጠፋበትን ነጥብ መዝግቡ።

ቀጥሎ ራዳሩን ከመኪናው ቻናል አውጡት። መልእክት አሁንም ከጠፋ፣ ወይ ራዳሩ ከክልሉ ውጭ ይረጫል፣ ወይ ተቀባዩ በብርቱው ምልክት ታፍኗል። በራዳሩ መውጫ ላይ ማጣሪያ ግጠሙ፤ ጉዳቱ ከቀረ ጥፋቱ የራዳሩ ነው፣ ካልቀረ የተቀባዩ።

የሚዘነጋው የአንቴናው መሽከርከር ነው። ጨረሩ አንድ ዲግሪ ሆኖ ዙሩ 12 ሰከንድ ቢፈጅ መኪናውን የሚያየው ለ33 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከአንድ ጎረቤት መኪና ቢበዛ አንድ መልእክት ቢጠፋ ነው፣ ተከታዩም ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው አርባ አምስት በመቶ መንገድ ላይ እንዳለ አይሠራም። በራዳሩ አጥር ሥር ለሚያልፍ መኪና ግን የአንቴናው የጎን ጨረር ራሱ ሊበረታበት ይችላል፤ እዚያ መሽከርከሩ ፋታ አይሰጥም፣ ልኬቱም በቦታው መደገም አለበት።