አለቃህ «አትሂድ፣ እንጨምርልሃለን» ሲልህ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንጀራችን ነው።

እንበልና አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነህ። ደመወዝህ 18,000 ብር ነው፤ እሱም የሚገባው ወሩ ሲያልቅ ሳይሆን ባለቤቱ ደስ ባለው ቀን ነው። አለቃህ ሰው ፊት ይሳደባል። የሁለት ሰው ሥራ ብቻህን ትሠራለህ። አልፎ አልፎም «ይህችን ደረሰኝ እንዲህ አድርገህ መዝግባት» ትባላለህ። አላህ ከፍቶልህ ሌላ ቦታ በ24,000 ብር ሥራ አገኘህና የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባህ። በማግሥቱ ባለቤቱ ራሱ ቢሮው ጠርቶ ሻይ አዘዘልህ። «አንተማ ልጃችን ነህ፤ 26,000 እናድርግልህና ተቀመጥ» አለህ።

ምን ትለዋለህ? ቤት ውስጥ እናት አለች፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የታናሽ እህትህ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በወር 2,000 ብር ልዩነት ቀላል አይደለም። እህቴ፣ ነገሩ ለአንቺም ያው ነው። ስለዚህ ሳንቸኩል እንመዝነው።

1. ለምን ልትወጣ ፈለግክ?

ደብዳቤውን ያስጻፉህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ጻፋቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ «ጭማሪው ይህን ይፈታዋል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ምክንያትህ የደመወዙ ማነስ ብቻ ከሆነና ሌላው ነገር ደህና ከሆነ፣ መቆየት ምንም ነውር የለውም። ዝርዝሩ ላይ ያለው ስድብ፣ የሚዘገይ ደመወዝና የሐሰት ደረሰኝ ከሆነ ግን 8,000 ብር ጭማሪ አንዱንም አይሰርዘውም። 18,000 ብር በሰዓቱ መክፈል ያቃተው ሰው 26,000ውን በሰዓቱ ይከፍላል ብለህ በምን ታምናለህ?

የሐሰት ደረሰኙ ደግሞ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም። ፊርማው ያንተ ነው። ገቢዎች ሲመጣ የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ ነገ አላህ ፊትም «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት አያድንህም። እንዲህ ያለ ቤት የሚጨምርልህ ብር ዝም እንድትል የሚከፈል እንዳይሆን ፍራ።

2. ለምን ዛሬ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው አዘዋል። ይህ ሰው ሥራህ 26,000 እንደሚያወጣ የታየው ደብዳቤህን ሲያነብ ነው። ምናልባት በእውነት ተጸጽቶ ይሆናል፤ ልብን የሚያውቀው አላህ ነው፣ መጥፎ አንጠርጥርበት። ምናልባት ደግሞ ቦታህን የሚይዝ ሰው እስኪያገኝ ሊያቆይህ ፈልጎ ይሆናል። እኛ የምንመዝነው ሥራውን ነው። ካሁን በፊት «ከዒድ በኋላ እናስተካክላለን» ብሎህ ስንት ዒድ አለፈ? አማኝ ከአንድ ጉድጓድ ሁለቴ እንደማይነደፍ ተምረናል።

3. ለሌላው ቃል ሰጥተሃል ወይ?

ይህችን ብዙዎቻችን እንዘላታለን። ለአዲሱ ድርጅት እሺ ብለህ ከፈረምክ፣ እነሱ ሌሎቹን አመልካቾች አሰናብተው አንተን እየጠበቁ ነው። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ላይ አማኞችን ውላቸውን እንዲሞሉ አዟል። 2,000 ብር በለጠ ተብሎ ውል አይፈርስም። ገና ካልፈረምክ ግን ነጻ ነህ፣ አወዳድር። የሌለ ቅጥር አለኝ ብሎ አለቃን አስፈራርቶ ደመወዝ ማስጨመር ደግሞ ውሸት ነው፤ በዚያ መንገድ በረካ አትፈልግ።

4. ከቆየህ በጽሑፍ ይሁን

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ስለዚህ «ጻፉልኝ» ማለት አያሳፍርም። ጭማሪው ከየትኛው ወር እንደሚጀምር በደብዳቤ ይሰጥህ። መሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው ወይስ በአበል ስም? ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ከአንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። መቆረጡን ብቻ ሳይሆን በስምህ ገቢ መደረጉንም አረጋግጥ። ሁለተኛው ሠራተኛ መቼ እንደሚቀጠርም ይጻፍ። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ካሉህ፣ መልሱን ነግረውሃል።

5. ከወጣህ በመልካም ውጣ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃህን ያለ ክፍያ መቀበልም መብትህ ነው። በእነዚያ 30 ቀናት ሰነዱን አስተካክለህ፣ የያዝከውን ንብረት መልሰህ አስረክብ። እሱ ቢበድልህም አንተ አማናህን አትብላ። ስትወጣም ስሙን በየቦታው አታንሳ።

ወንድሜ፣ እህቴ! አለቃህ ሰበብ ነው እንጂ ረዛቂ አይደለም። ረዛቁ አላህ ነው። ከመቆየትህም ከመውጣትህም ምንም የማይጠቀም፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አማክር። ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግደህ ኢስቲኻራ አድርግ። ሕልም አትጠብቅ፤ የተሻለ መስሎ በታየህ መንገድ ቢስሚላህ ብለህ ተራመድ። ያ በር ቢዘጋም አላህ የሚያውቅልህ ነገር አለ።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍንና በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማውረድን አትርሱ። ደብዳቤውን ጽፎ የሚያመነታ ጓደኛ ካላችሁም ይህን አድርሱት።

አላህ ሐላል የሆነ፣ በረካ ያለበት፣ አንገት የማያስደፋ ሪዝቅ ይስጠን። ኣሚን።