የምስጋና ጽሑፍና የተረሳችው ለጋሽ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ደባርቅ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤታችን ቤት ድረስ መጥተው «አንተ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማረው? እንግዲያው አንድ ወረቀት ጻፍልን» አሉኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ሕንድ አገር ሄዳ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎላት በደህና ተመልሳለች። ለሕክምናው ገንዘብ ያላዋጣ የከተማው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዘመድ ወዳጅ ተጠርቶ ቡና ሲጠጣ የሚነበብ የምስጋና ጽሑፍ ነው የፈለጉት። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

በአንድ ሌሊት አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ፈጣሪ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሐኪሞቹ፣ ቀጥሎ ገንዘብ አሰባሳቢው ኮሚቴ፣ እድሩ፣ ጎንደር ድረስ በነፃ ያመላለሱ ሾፌሮች፣ ዳባት ያሉ ዘመዶች፣ ከደመወዛቸው ቆርጠው የላኩ የጨነቅ ካምፕ ስካውቶች ሳይቀሩ ተራቸውን ጠብቀው ገቡ። በማግሥቱ ለቤተሰቡ አነበብኩላቸው። አባትየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የልጅቱ አያት ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አንተ ልጅ፣ መቼም ጥሩ ጽፈሃል። እናቲቱስ የት አለች?» አሉኝ።

ኩላሊቱን የሰጡት እናትየው ናቸው። ይህንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን አልጻፍኩትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ስህተት መመርመር ነው። እኔ ብቻ የሠራሁት ስህተት ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባልያዝኩበት። ነገር ግን በጋዜጣ የሚወጡ የምስጋና ማስታወቂያዎችን ልብ ብላችሁ ብታዩ አብዛኞቹ የተሠሩት በእኔው ዓይነት ቅደም ተከተል ነው። ማዕረግ ያለው ይቀድማል፣ መሥሪያ ቤት ይከተላል፣ «ስማችሁን መዘርዘር ያልቻልን» የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ምስጋና ከቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ነገር ተደርጎ ስለሚታሰብ ቤት ውስጥ ያለው ሰጪ ቦታ አያገኝም። በሌላ ጉዳይ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም ይሆናል። በንቅለ ተከላ ላይ ግን ዋናውን ዜና ይጥላል።

ለምን ቢባል፣ በእኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው የተጀመረው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነው። ኩላሊቱም የተወሰደው በሕይወት ካለ የቅርብ ዘመድ ነበር። ወደ ሕንድ ለሚሄደውም ቢሆን ያው ነው፤ የሕንድ የ1994 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የአካል ሽያጭን ስለሚከለክል ለጋሽና ተቀባይ ዘመዳሞች መሆናቸው በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ጎረቤቶቻችን የልጅቱን የልደት ማስረጃ ይዘው ኤምባሲ የተመላለሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ ከመነሻውም እንዲሁ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በቦስተን በዶክተር ጆሴፍ መሪ ሲከናወን ሰጪና ተቀባይ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። ዶክተሩ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እስቲ አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል ምን እያልን ነው? «ስለ እኔ ሆኖ እግዚአብሔር ይክፈልህ» ነው። ተናጋሪው ውለታው ከአቅሙ በላይ መሆኑን አምኖ ዕዳውን ወደ ላይ ያስተላልፋል። «አመሰግናለሁ» ደግሞ ከዚሁ ከውዳሴ ቃል የመጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለፈጣሪ የሚቀርበውም ምስጋና ነው የሚባለው። እንግዲህ አንድ ሰው እናቱን ለኩላሊቷ በየትኛው ቃል ያመስግናት? በሁለቱም ቢል ትንሽ እንግዳ ይመስላል። እኔ የዘለልኩት ከቸልተኝነት ብቻ አይመስለኝም፤ ቃሉም አጥሮኝ ነበር። (ይህ ለራሴ ጥብቅና መቆም እንዳይመስልብኝ።)

ጽሑፉን ለማስተካከል ወደ እናትየው ሄድኩ። «እትዬ፣ እርስዎን ረስቼ ነበር፤ ይቅርታ» አልኳቸው። ሳቁ። «ተወው ባክህ። የእኔ ስም ከተዋጣው ገንዘብ ጋር ተደርድሮ ሲነበብ ባዕድ ሆኜ ልቀር ነው። ለልጄ ሰጥቼ ምን ምስጋና አለው?» አሉኝ። ክፍል ውስጥ ያልተማርኩት ነገር ገጠመኝ። መርሳቱ ስህተት ነው፤ ማስገባቱም ሰውየዋን የሚያስከፋ ሆነ።

ስለዚህ ስለ ምስጋና መጠየቄን ትቼ ስለ ሆነው ነገር ጠየቅኩ። ያኔ ተናገሩ። ልጅቱ የኩላሊት እጥበት ላይ በነበረችባቸው ወራት አዲስ አበባ፣ ከቤታቸው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ዘመድ ቤት ተጠግተው ነበር። እጥበቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሌሎቹ ልጆች ደባርቅ ለአያታቸው ቀሩ። አባትየው ለመስጠት ፈልገው በምርመራ ሳይሆንላቸው ቀረ፤ ይህን ሲሰሙ ውጭ ወጥተው አለቀሱ። እናትየው ከቀዶ ሕክምናው ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት «ሸንታለች ወይ?» ብለው ነው። መቼም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ ጋዜጠኛ አላውቅም፤ አዲሱ ኩላሊት መሥራቱ የሚታወቀው በዚያ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ አረሙኝ። እኔ «ሙሉ በሙሉ ድና ተመለሰች» ብዬ ጽፌ ነበር። «እሱን አውጣው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ስለሚቆጥረው፣ እንዳያጠቃው ልጅቱ የመከላከል አቅምን የሚገታ መድኃኒት ኩላሊቱ እስካለ ድረስ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቃ ትወስዳለች። በዚያው ምክንያት ለኢንፌክሽን ትጋለጣለች፤ የደም ምርመራው አይቋረጥም። ከሕያው ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል ይባላል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ላይ ቁጥሩን ደምሩት። ለመድኃኒቱ በየወሩ ገንዘብ ያስፈልጋል። «ድናለች ብለህ ስታነብ ሰው ጨርሰናል ብሎ ይሄዳል፤ መድኃኒቱስ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። የእኔ ያማረ ዓረፍተ ነገር የልጅቱን መድኃኒት ሊያስቀርባት ይችል ነበር።

ምስጋና ሳይጠይቁ የሰጡ ወላጆች በሌላ አገርም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሰባት ዓመቱ አሜሪካዊ ኒኮላስ ግሪን ከቤተሰቡ ጋር ደቡብ ጣሊያንን ሲጎበኝ በመንገድ ዘራፊዎች ጥይት ተመትቶ ሞተ። ወላጆቹ አካላቱን ሰጡ፤ አምስት ሰዎች የውስጥ አካል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ የዓይን ብሌን ተቀበሉ፤ ሰባቱም ጣሊያናውያን ናቸው። በተከታዮቹ አሥር ዓመታት በጣሊያን የአካል ለጋሾች ቁጥር ሦስት እጥፍ ያህል አደገ። አባትየው ሬጅ ግሪን በለንደን ጋዜጦች ላይ የሠሩ የቀድሞ ጋዜጠኛ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ይህንኑ ታሪክ በመጻፍና በመናገር አሳልፈዋል። ጉበቱን የተቀበለችው ወጣት በኋላ አግብታ ወንድ ልጅ ስትወልድ ኒኮላስ አለችው። ስም በማውጣት ውለታን ማስታወስ ለእኛም አዲስ አይደለም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ የሟች ቤተሰብ ለማያውቀው ሰው ሲሰጥ ሰጪው ሩቅ ስለሆነ ጸሐፊው ፈልጎ ያገኘዋል። ሰጪዋ ቡና እያፈላች ፊት ለፊት ስትቀመጥ ግን አይታይም።

እንግዲህ ሁለተኛውን ረቂቅ እንዴት ሠራሁት? የእናትየውን ስም ከአመስጋኞቹ ወገን፣ ከባላቸው ጋር አደረግኩት፤ ተመስጋኝ መሆን አልፈለጉምና። መስጠታቸውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ቅጽል፣ እንደ ዜና ጻፍኩ፤ «ኩላሊቱን የሰጠቻት እናቷ ናት» ብቻ። «ድና» የሚለውን አውጥቼ መድኃኒቱን፣ ሰዓቱንና የወሩን ወጪ አስገባሁ። ከዚያ ልጅቱን ራሷን ጠየቅኳት። ሕመሟ በሕዝብ ፊት የሚነበበው የእሷ ነው፤ የመጀመሪያውን ስጽፍ ግን አስፈቅጄያት አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አስወጣችኝ፤ ፊቷ ማበጡን። ትምህርት ቤት ይስቁብኛል አለች። አወጣሁት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስማቸው ከሁለተኛ መስመር ወደ አምስተኛ በመውረዱ ትንሽ ቅር ብሏቸው እንደነበር ሰምቻለሁ።

ጽሑፉ የተነበበው እሑድ ማታ ነው። አባትየው አነበቡት፤ ስለ እናትየው የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠና አያትየው «ቀጥል እንጂ» አሏቸው። እናትየው እዚያ አልነበሩም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ስለነበር ጓዳ ገብተው መድኃኒቱን እየቆጠሩ ነበር።