በክረምት ይፋትን ለማየት፦ ከጣርማ በር እስከ ጀውሃ

ደጋው ጣርማ በር ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቆላው ጀውሃ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ሸዋ ያለውን የይፋትን ክረምት ለማያውቅ መንገደኛ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው። ደጋው ላይ የጣለው ውሃ በየሸለቆው ተሰብስቦ፣ ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት ቆላ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የክረምት ዕረፍቱን በይፋት የጥንት ከተሞች መካከል ማሳለፍ የፈለገ ሰው ቀኑን የሚያቅደው አናቱ ላይ ያለውን ሰማይ አይቶ ሳይሆን በስተምዕራብ የቆመውን ተራራ አይቶ ነው።

ድካሙ ግን ከንቱ አይደለም። ዛሬ በማሾና በሽንኩርት የሚታወቀው ይህ ቆላ በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነበር። ዑመር ወላስማ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ከጠቀለለ በኋላ የይፋት ኃይል እስከ ዘይላ ወደብ ተዘረጋ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ አል ዑመሪ ግዛቱን በአንድ ወገን የ15፣ በሌላው የ20 ቀን መንገድ አድርጎ ገልጾታል። በ1331 ዘይላ የደረሰው ተጓዡ ኢብን ባቱታ ደግሞ ከከተማዋ የዓሣና የግመል ደም ሽታ ሸሽቶ ባሕሩ እየተናወጠም መርከብ ላይ ማደርን መርጧል። ከዓመት በኋላ፣ በ1332፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በይፋቱ ገዢ በሰብረዲን ላይ ዘመቱ። የይፋት ጎብኚ ባሕር አያገኝም። የሚያየው የባሕሩን ንግድ ወደ ደጋው ያሸጋገሩትን የድንጋይ ከተሞች ነው።

የዝግጅቱ መነሻ የስልክ ጥሪ ነው። ይህ መስመር ባለፉት ዓመታት ግጭት ደጋግሞ የደረሰበት በመሆኑ፣ የመንገዱንና የገጠሩን ሁኔታ ከሰሜን ሸዋ ዞን ወይም ከቀወት ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም። የሳምንት ዕድሜ ያለው ወሬ አይበቃም፤ ከጉዞው ዋዜማ እንደገና ይጠየቃል። «ይቆይ» ከተባለ ይቆያል። በዚያው ጥሪ ቦታውን የሚያውቅ መሪ ማስያዝ ይቻላል።

ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ማልዶ ይነሳል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ሲና 190 ገደማ፣ ሸዋሮቢት ደግሞ ከ220 በላይ ነው። መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የጣርማ በር ከፍታ ተነስቶ 1,300 ሜትር ወደማይሞላው ሸዋሮቢት ይወርዳል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቦረቦሩት ዋሻ አካባቢ በክረምት ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና እስኪሰውር ይወፍራል። ዝቅተኛ መብራት አብርቶ፣ ርቀት ጠብቆና በማርሽ ይዞ መውረድ ያስፈልጋል፤ ፍሬኑን እየረገጡ መዝለቅ ያግለዋል። በሕዝብ መኪና የሚሄድም ቢሆን ሸዋሮቢት ከጨለማ በፊት ለመድረስ ያስብ።

ሻንጣው ሁለት አየር የሚችል መሆን አለበት። ለደጋው ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ለቆላው ስስ እጅጌ ረጅም ልብስ ይያዛል። ጃንጥላ ለከተማ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ግን ሁለቱንም እጅ ነፃ የሚያደርግ የዝናብ ልብስ ይሻላል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ጭቃ የማያንሸራትተው ይሁን። ከዘራ እጅግ ይጠቅማል፤ ሣር የዋጠውን ድንጋይና እባብ ከእግር በፊት ያገኛል።

አሁን ወደ ቆላው ወንዞች። ዋናው አስፋልት ድልድይ አለው፤ አደጋው ያለው ወደ ገጠር የሚገባው መንገድ አሸዋማውን የወንዝ ወለል በሚያቋርጥበት ነው። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የማይነካው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሰው ሊወስድ ይችላል። ውሃው ቀለሙን ከለወጠ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ስልሳው አብዛኛውን መኪና ይገፋል። ብዙ ጊዜ ደራሹ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ስለዚህ ማዶ የቀረ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ምሳ አምልጦት ይሆናል እንጂ ሌላ የሚያጣው የለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ ቦታውን አይቶ፣ የከሰዓቱ ደመና ተራራው ላይ ሳይጠቁር መመለስ ነው።

የድንጋይ ከተሞቹ ፍርስራሾች ኖራ፣ አስባሪና ማሳል ይባላሉ። ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና በርትራን ኢርሽ የመሩት የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር ያጠናቸው፣ ከደጋው ግርጌ ወደ አዋሽ ሜዳ በሚያዩ ኮረብታዎች ላይ ያረፉ የጥንት ከተሞች ናቸው። ለማየት ቅደም ተከተል ይበጃል። መጀመሪያ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ እርከኖቹን መለየት፤ ከተማው በእነሱ ላይ ነውና የተሠራው። ቀጥሎ መስጊዱን መፈለግና የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ሚህራብ ማግኘት። ከዚያ የቤቶቹን ካብ ተከትሎ መንገዶቹን ማንበብ። ክረምት እዚህ ላይ ይበድላል፤ ሣሩ ዝቅተኛውን ግንብ ይሸፍነዋል። ፎቶና ልኬት ለሚፈልግ ሰው ጥቅምት ይሻለዋል፤ አረንጓዴውን ቆላና በጉም የተጠቀለለውን ገደል ለሚወድ ግን ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ላሉት ሳምንታት ወደር አይገኝም።

በዝናብ የራሰ ካብ ላይ መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ከተደረደረው ድንጋይ አንዱ ሲነቀል ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል፤ ስድስት መቶ ዓመት የቆመው በአንድ ፎቶ ሊፈርስ ይችላል። የአረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች በውሃ ማጠብ፣ በጠመኔ ማድመቅ ወይም ማንሳት ጥፋት ነው። ወላስማዎች የተቀበሩበት ስፍራም የጎብኚ ሁሉ አደራ ነው። ወደ መስጊድና መቃብር ከመግባት በፊት የመንደሩን ሼሆች ማስፈቀድ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ለጁምዓ ሰላት ቦታውን መልቀቅ ተገቢ ነው።

ጉዞው እሑድን ካካተተ ከጀውሃ ወደ ሰሜን ያለው ሰንበቴ ገበያ መታየት አለበት። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው የሚገናኙበት ነው። ሰው ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ፈቃድ።

ማታ አጎበር ያለው አልጋ ይመረጣል፤ ከሌለ የራስን ይዞ መሄድ ነው። ወባ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይበረታል። ከተመለሱ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት የተሰማው ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ ቆላ ቆይቶ መመለሱንም ለሐኪሙ ይንገር።