የበርሜሉ ክዳን፤ ዕውቀት ወደ ሥራ የሚለወጥበት መንገድ

ጤናን ለመጠበቅ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ነገር ማወቅ መሆኑን የማይቀበል የለም። ሆኖም ያወቀ ሁሉ ያወቀውን ይሠራል ማለት እንዳልሆነ እያንዳንዳችን ከገዛ ኑሯችን እንረዳዋለን። የዚህም ወር ትምህርታችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ሰው የጤናን ደንብ ካወቀ በኋላ በሥራ ላይ እንዳያውለው የሚያግደው ምንድን ነው? ዕንቅፋቱስ በምን ዘዴ ይወገዳል? ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን በከተማችን በድሬዳዋ በየግቢው ከምናየው ከውኃ በርሜል እንጀምራለን።

1ኛ. በርሜሉ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

ወባ የረግረግና የቆላ ገጠር በሽታ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ይበረታል፥ በጋው ሲጠና ይቀንሳል እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህ አባባል ነባሮቹን የወባ ትንኞች በሚመለከት ትክክል ነው። ነገር ግን ጥንተ መኖሪያዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር የሆነው፥ አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በጂቡቲ፥ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህች ትንኝ ሰው ለመጠጥና ለማጠቢያ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ፥ ማለት በበርሜል፥ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ፥ እንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ ዝናም መጠበቅ አያስፈልጋትም።

ውጤቱም ምን እንደ ሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በጂቡቲ በ2012 የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ሲሆኑ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነዋል። በድሬዳዋም በ2019 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 205 የነበረው የሕሙማን ቁጥር በ2022፥ ማለት በእኛ በ2014 ዓ.ም.፥ በእነዚያው ወራት ወደ 2,425 ወጣ። ተመራማሪዎች በሕሙማኑ ቤት አካባቢ ትንኞችን እየያዙ በመረመሩ ጊዜ አብዛኞቹ ይህችው የበርሜል ትንኝ ሆነው ተገኙ።

የበርሜሉ ዕዳ በወባ ብቻ አያበቃም። በ2006 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው የዴንጊ ትኩሳት በዚህች ከተማ ተነሥቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳመመ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻና በ2012 ዓ.ም. መባቻም ቺኩንጉንያ የተባለው፥ መገጣጠሚያን የሚያሳምም በሽታ፥ በከተማችን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አጠቃ። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ቀን ቀን የምትናከሰው ኤደስ ኤጂፕታይ ናት። እርሷም እንቁላሏን ከውኃው ከፍ ብላ በዕቃው ግድግዳ ላይ ታጣብቃለች፤ እንቁላሉም ደርቆ ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ውኃውን መድፋት ብቻ እንደማይበቃ፥ ግድግዳውን መፈግፈግ የግድ እንደሆነ ከዚህ እንገነዘባለን።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት እንቁላሉ ክንፍ ያላት ትንኝ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ በርሜሉን በየሳምንቱ ያጠበ ቤተሰብ ትንኟ ከመብረሯ በፊት ይቀድማታል። ደንቡ ይኸው ነው፤ አጭርና ቀላል ነው። ታዲያ ለምን አይፈጸምም?

2ኛ. ጸሐፊው በገዛ ቤቱ ያገኘው ትምህርት

እኔ ስለ ሕዝብ ጤና በውጭ አገር ተምሬ በተመለስኩበት ዘመን፥ ሕዝቡ ደንቡን የማይፈጽመው ባለማወቁ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በመጋላ ሰፈር ስለ በርሜል ትንኝ ሰፊ ንግግር አድርጌ፥ እጭ የተገኘበት ውኃ ሁሉ እንዲደፋ አሳሰብኩ። በዚያን ጊዜ አንዲት አሮጊት እናት በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ ነገሩስ ገብቶኛል። ነገር ግን ውኃ የመጣው ከትናንት በስቲያ ነው፤ መቼ እንደሚመለስም አላውቅም። ይህን ዛሬ ብደፋው ነገ ለልጅ ልጆቼ ምን ላጠጣ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ማታ ቤቴ ገብቼ በባትሪ ብርሃን የራሴን በርሜል ብመለከት በውኃው ፊት ላይ እጮች ሲጥመለመሉ አየሁ። ክዳኑን ብፈልገው በርበሬ ተሰጥቶበት ከግቢው ጥግ ተቀምጧል። ክዳኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ደንቡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሳምንት ሙሉ ያልተመለከትኩትም እኔው ነኝ። ዕውቀት ብቻውን በርሜል የሚከድን ቢሆን ኖሮ የእኔ በርሜል ቀድሞ በተከደነ ነበር።

3ኛ. የሌላው ዓለም ምርምር ምን ይላል?

በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ሌቨንታልና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1965 አንድ ጥናት አሳተሙ። ስለ ቴታነስ የተጻፉ ጽሑፎችን ለተማሪዎች አደሉ፤ ከጽሑፎቹ አንዳንዶቹ እጅግ የሚያስፈሩ፥ ሌሎቹ ግን ለዘብ ያሉ ነበሩ። የሚያስፈራውን ያነበቡት የበለጠ ደነገጡ፤ መከተብም መልካም ነው አሉ። ነገር ግን ድንጋጤው ብቻውን ወደ ክትባቱ ቦታ አላደረሳቸውም። ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ የክትባቱ ቦታ የተመለከተበት ካርታ ተሰጥቷቸው፥ በየትኛው ቀንና ሰዓት፥ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ እንዲያስቡ ተደረጉ። ከእነዚህ ከመቶው 28 ያህሉ ሄደው ተከተቡ። ካርታውና ዕቅዱ ካልተሰጣቸው ግን የተከተቡት ከመቶው 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ቦታውን ግን ሁሉም አስቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ የሚያዩት የራሳቸው ትምህርት ቤት ሕንፃ ነበርና።

በሎንዶን ሱዛን ሚቺና ባልደረቦቻቸው በ2011 ብዙ ጥናቶችን መርምረው፥ አንድ ሥራ እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው ብለዋል። እነዚህም ችሎታ፥ አመቺ ሁኔታና ፍላጎት ናቸው። አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ብቻቸውን ሥራውን አይፈጽሙትም። የአሮጊቷን ቤት በዚህ መለኪያ ብንመለከት ፍላጎት አለ፤ የጎደለው ውኃውን ሳያባክኑ የማጽዳት ችሎታና አመቺ ሁኔታ ነው። በእኔ ቤት ደግሞ ችሎታው አለ፤ የጎደለው ለክዳኑ የተለየ ቦታና ለሥራው የተለየ ቀን ነው። እንግዲህ ለሁለታችንም የሚያስፈራ ንግግር ቢደገምልን ምን ይጠቅመናል? «ሕዝቡ ሰነፍ ነው» ማለትም የጎደለውን ነገር ከመፈለግ መሸሽ ነው።

ልማድስ በስንት ጊዜ ይጸናል? እዚያው ሎንዶን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አንድ ቀላል ተግባር፥ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ውኃ መጠጣት፥ በየቀኑ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ተግባሩ ሳይታሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን ድረስ የወሰደው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ሲሆን፥ በአንዳንዱ 18፥ በሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን እንዳላፈረሰ ታይቷል። ስለዚህ በርሜሉን አንድ ሳምንት የረሳ ሰው ሥራውን በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምር እንጂ ተስፋ አይቁረጥ። ደግሞም በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ይህን ያህል ጊዜ ከፈለገ፥ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ በልብ ትውስታ ላይ ብቻ ሊጣል እንደማይገባ መገመት አያዳግትም። አስታዋሽ ያስፈልገዋል።

4ኛ. ለድሬዳዋ ቤተሰብ የሚስማማ ዘዴ

ከላይ የተባለውን ወደ ቤታችን ስናመጣው ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይሆናል። መቼ? በምን? ማን? የሚሉት ናቸው።

መቼ ለሚለው፥ በብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፥ ከሁሉ የሚሻለው አስታዋሽ ራሱ የውኃው ቀን ነው። ውኃ ሊመጣ ሲል በርሜሉ ሊያልቅ ይቃረባል፤ ያን ጊዜ ማጠብ ብዙ ውኃ አያስጠፋም። ፈረቃው ከሳምንት የሚዘገይ ከሆነ ግን ቀን መቁረጥ ይገባል። አንዱ ቤተሰብ ሐሙስ ማታን፥ ሌላው ቅዳሜ ጠዋትን ይመርጥ፤ ዋናው ነገር ቀኑ የታወቀ መሆኑ ነው።

በምን ለሚለው፥ ውኃው አይደፋም። የተረፈው ውኃ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠልሎ ወደ ጀሪካን ይገለበጣል፤ በጨርቁ ላይ የቀረው እጭ በደረቅ መሬት ላይ ይራገፋል። ቀጥሎ የበርሜሉ ውስጥ፥ ይልቁንም የውኃው መስመር ያለበት ቦታ፥ በብሩሽና በሳሙና በሚገባ ይፈገፈጋል። ያለቀለቀው ውኃ ከተደፋ በኋላ የተጠለለው ውኃ ይመለሳል፤ ለመጠጥ የሚሆነው ግን መፍላት አለበት። በመጨረሻም በርሜሉ ይከደናል። ክዳን የሌለው ሰው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አልብሶ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ያሥረዋል። በርበሬ ደግሞ ሌላ ማስጫ ይፈለግለት።

ማን ለሚለው፥ «ሁላችን እናጥበዋለን» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አያጥበውም ማለት ይሆናል። አንድ ሰው በስሙ ይሰየም። ሸክሙም ሁልጊዜ በእናት ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም፤ የቤቱ አባወራ ክዳኑን ቢጠግንና በርሜሉን ቢያዘነብል ክብሩ አይቀንስም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሐኪም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ትኩሳት የተሰማው ሰው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር።

5ኛ. መምህራን ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

መምህራን ደንቡን ከማስነገብ አልፈው ዕቅዱን እንዲያስጽፉ እንለምናለን። እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ እኔና ታላቅ ወንድሜ በጓሮ ያለውን በርሜል እናጥባለን» የሚል። ተማሪው ይህን በቤት ውስጥ በሚነጋገሩበት ቋንቋ፥ በኦሮምኛም ይሁን በሶማልኛ፥ በሐረሪም ይሁን በአማርኛ፥ ለወላጆቹ ያስረዳ።

ከዚያም ክፍሉ በየሳምንቱ ስንት በርሜል እንደታጠበና በስንቱ እጭ እንደታየ ቁጥሩን ብቻ ይመዝግብ። የማንም ቤት በስም አይጠራ፤ ያፈረ ሰው በርሜሉን ይደብቃልና። ከስምንት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ከመጨረሻው ጋር ማነጻጸር ለተማሪዎቹ የሒሳብም የጤናም ትምህርት ይሆናል። የዬል ተማሪዎች ጠባይ የድሬዳዋ ልጆች ጠባይ ነው ብለን በጭፍን ከመቀበልም ያድነናል፤ ዘዴው እዚህ መሥራቱን የምናውቀው እዚሁ ቆጥረን ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በርሜሉን መድፋት ብቻ የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. የአሮጊቷ እናት ጥያቄ የሚያሳየን የጎደለው ችሎታ ነው፥ አመቺ ሁኔታ ነው፥ ወይስ ፍላጎት?
3. በዬል በተደረገው ጥናት ከፍርሃቱ ይልቅ የጠቀመው ምን ነበር?
4. በእናንተ ቤት በርሜሉ የሚታጠበው መቼ ነው? በማንስ?

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ይህም ጽሑፍ እንደ ሌላው ሁሉ ተነቦ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት የአራተኛውን ጥያቄ መልስ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፉበት። ቀኑንና የሰውየውን ስም ጻፉ፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ክዳኑ የት እንዳለ ተመልከቱ።