የእንግሊዝ ፕሪሚየርሺፕ ራግቢ የገንዘብና የአወቃቀር ፈተናዎች

ራግቢ ዩኒየን ለተጫዋቾች ደመወዝ መክፈልን በይፋ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1995 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ክለቦች የሙያ ተጫዋቾችን ወጪ ተሸክመው ቢዘልቁም፣ የብዙዎቹ ገቢ ወጪያቸውን መሸፈን አልቻለም። የ2022/23 የውድድር ዘመን በ13 ክለቦች ተጀመረ፤ ቀጣዩ ግን የተከፈተው በ10 ብቻ ነበር። ዉስተር ዋሪየርስና ዋስፕስ በ2022 መገባደጃ፣ ለንደን አይሪሽ ደግሞ በጁን 2023 ከውድድሩ ወጡ። ይህ ጽሑፍ ውድቀቱ ከባለቤቶቹ ድክመት ባሻገር ከሊጉ አወቃቀር ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራል።

የደመወዝ ጣሪያ

አንድ ነጋዴ ተፎካካሪው ከገበያ ቢወጣ ሊጠቀም ይችላል፤ ክለብ ግን ተጋጣሚ ካጣ የሚሸጠው ጨዋታ የለውም። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ክለብ ለማሸነፍ ሲል ከአቅሙ በላይ ይቀጥራል። ይህን ፉክክር ለመግታት የወጣው የደመወዝ ጣሪያ በጥብቅ ቅጣት የተደገፈ ነው። ደንቡን የጣሰው ሳራሰንስ በ2019 የ35 ነጥብ ቅነሳና ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መቀጮ ተወስኖበት፣ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ከሊጉ ወርዷል። በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ ከ6.4 ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ዝቅ ብሎ የነበረው መሠረታዊ ጣሪያ በ2024/25 ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሷል። ይሁን እንጂ ጣሪያው ለሁሉም ክለብ አንድ ነው፤ ከየክለቡ ገቢ ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ ገቢው አነስተኛ የሆነ ክለብ ደንብ ሳይጥስ ከሀብታሙ እኩል ማውጣት ይችላል፤ ጉድለቱ የሚሞላው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ባለቤቱ እጁን በሰበሰበ ጊዜ ክለቡ መቆሚያ ያጣል።

ብድርና የነገ ገቢ

ዋስፕስ በ2014 ወደ ኮቨንትሪ ተዛውሮ ስታዲየም የያዘው ገቢውን ለማስፋት ነበር። በ2015 በ6.5 በመቶ ወለድ 35 ሚሊዮን ፓውንድ በቦንድ ተበደረ። በሜይ 2022 መክፈል የነበረበትን ዋና ብድር ሳይመልስ ቀርቶ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ንብረቱ በሕግ በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ሊጉም በ2018 የንግድ ድርሻውን 27 በመቶ ሲቪሲ ለተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሸጧል። ሽያጩ ለክለቦቹ ፈጣን ገንዘብ ቢያስገኝም፣ በልዋጩ የወደፊት ገቢያቸውን በቋሚነት አካፍሏል።

የጨዋታ ብዛት

በ13 ክለቦች ሊግ እያንዳንዱ ክለብ በሜዳው 12 የሊግ ጨዋታ ያስተናግዳል፤ በ10 ክለቦች ግን 9 ብቻ። የተጫዋቾች ደመወዝና የሜዳ ወጪ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር በሚካሄድበት ወቅት ይደረጉ የነበሩ የሊግ ጨዋታዎች ደግሞ ታዋቂ ተጫዋቾቻቸውን ያጡ ነበር። በመሆኑም የአንድ ክለብ መውደቅ የቀሩትንም ገቢ ይቀንሳል።

የማደግ በር

በ2022 ሁለተኛውን ሊግ ያሸነፈው ኢሊንግ ትሬይልፋይንደርስ ሜዳው 10,001 ተመልካች የመያዝ መስፈርትን ባለማሟላቱ ማደግ ተከልክሏል። እዚህ ላይ አዙሪት ይታይ ነበር፦ ክለቡ ለማደግ ትልቅ ሜዳ ያስፈልገው ነበር፤ ሜዳውን የሚያስገነባው ገቢ ግን የሚገኘው ካደገ በኋላ ነበር። የ2023 የዚሁ ሊግ አሸናፊ ጀርዚ ሬድስ ዋንጫውን ባነሳ በወራት ውስጥ ገንዘብ አጥቶ ሥራውን አቁሟል።

ማጠቃለያ

በፈረንሳይ የክለቦችን ሒሳብ የሚመረምረው የሊጉ አካል በገንዘብ ጉድለት ብቻ ክለብን ወደ ታች የማውረድ ሥልጣን አለው፤ በ2010 ሞንቶባን በዚህ መንገድ ከከፍተኛው ሊግ ወርዷል። እርምጃው ለደጋፊዎች መራራ ቢሆንም ውድድሩ በዘመኑ መካከል እንዳይቋረጥ ይረዳል። በእንግሊዝ ግን የዉስተርና የዋስፕስ መውጣት የተከሰተው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ስለነበር ተጫዋቾችና ሠራተኞች በድንገት ያለ ሥራ ቀርተዋል። ከሁለቱ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት የሒሳብ ክትትል ዋጋ የሚኖረው ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ውሳኔ ለመስጠት ሥልጣን ሲኖረው፣ የደመወዝ ጣሪያም የክለቡን እውነተኛ ገቢ ሲያገናዝብ መሆኑ ነው።